የወንዝ ዳሩን ወፍጮ ፋብሪካ ከመፍረስ ያዳኑት የግንበኛዋ የእትዬ ውሃ ልክ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ውሃ ልክ» የሚላቸው ግንበኛ፣ ከወፍጮ ድንጋይ ወቃሪው አባታቸውና ከጆንያ ሰፊዋ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ከወፍጮ ፋብሪካው ጀርባ ባለው የሠራተኞች መኖሪያ ተወለዱ። ቤታቸው ከፋብሪካው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር ወፍጮው ሲነሣ አልጋው ይርገበገብ ነበር። «እኔ እሹሩሩ የተባልኩት በወፍጮ ነው» ይሉ ነበር።

ፋብሪካው ባለ አምስት ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ግድግዳው ከሥር ከአንድ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ከውጭ በኩል እየሳሳ ይሄዳል። መስኮቶቹ የጡብ ቅስት አላቸው፤ ወለሎቹን የተሸከሙት የብረት ምሰሶዎች ናቸው። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በሕንፃው ሥር እያለፈ መዘውሩን ያዞር ነበር፤ እህሉም ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ እየተፈጨ ምድር ቤት ሲደርስ ዱቄት ሆኖ ጆንያ ይገባል።

ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ በ1955 ዓ.ም. ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ግንበኝነት ተማሩ። ከሠላሳ አንድ ተማሪዎች ሴቷ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በፈተናው ቀን መምህሩ ለማሳያ የገነቡትን ግድግዳ በውሃ ልክ ለክተው፣ «መምህር፣ የእርስዎም ትንሽ ወደ ግራ ሄዷል» አሉ። ቅጽል ስሙ ያን ቀን ወጣላቸው፤ ፈተናውንም በአንደኝነት አለፉ።

በ1958 ዓ.ም. በፋብሪካው የጥገና ክፍል ተቀጠሩ፤ በ1970 ዓ.ም. ፎርማን ሆኑ። በ1963 ዓ.ም. ከፋብሪካው አናጢ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ «እኔ ጠረጴዛ ስሠራ እሷ ሳትለካው ምሳ አይቀርብበትም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ፋብሪካው በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ። ከአራት ዓመት በኋላ በወንዙ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በታየው ስንጥቅ ምክንያት እንዲፈርስ ተወሰነ። እትዬ ወደ ሕንፃ ተቆጣጣሪው ቢሮ ሄዱ።

«እማማ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ አዘምሟል እኮ፤ ሰው ላይ ቢናድስ?» አላቸው ተቆጣጣሪው።

«አላዘመመም ልጄ። ውጭው እየሳሳ ስለሚወጣ ነው እንዲያ የሚመስልህ፤ ከውስጥ ገብተህ ቱንቢ ጣልበት፤ ገመዱ ቀጥ ማለቱን ያሳይሃል። ስንጥቁም የቆየ ነው። አንድ ዓመት ስጡኝ።»

ዓመቱ ተሰጣቸው። በስንጥቁ ላይ አሥራ ስምንት ቀጫጭን መስታወቶች በሲሚንቶ አጣበቁ፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። በየሰኞው ባለቤታቸው መሰላል እየያዙላቸው ወጥተው አዩ። ክረምቱ ሲያልፍ ከሁሉም በታች ያለችው አንዷ ተሰብራ ተገኘች።

«አሥራ ሰባቱን እናሳያቸው፤ የአንዷን ነገር ዝም ብንልስ?» አሉ ባለቤታቸው።

«የተሰበረችውን ከደበቅሁ፣ ያልተሰበሩትን ማን ያምነኛል?»

አሥራ ስምንቱንም ለተቆጣጣሪው አሳዩ። መስታወቷ በተሰበረችበት በኩል የግድግዳው ሥር እንዲቆፈር ጠየቁ፤ ሲቆፈርም ወንዙ መሠረቱን ከሥር ቦርቡሮት ተገኘ። በበጋው ከአሥራ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መሠረቱን ክንድ በክንድ እየከፈሉ በድንጋይና በሲሚንቶ ሞሉት። በ1995 ዓ.ም. የማፍረሱ ውሳኔ ተሻረ።

በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው። ፋብሪካው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ከሁለት መቶ የሚበልጥ የሰፈር ሰው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተጠለለ። ያ ተቆጣጣሪም ፍራሹን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ እትዬን አገኛቸው።

«እትዬ፣ ቱንቢ ልጣል ወይስ ዝም ብዬ ልግባ?» አለ። እሳቸውም ስቀው ፍራሹን ተቀበሉት።

ሕንፃው በ2001 ዓ.ም. የሙያ ማሰልጠኛ ሆኖ ሲከፈት እትዬ የመጀመሪያዋ የግንባታ አስተማሪ ሆኑ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ግንበኞች አስመርቀዋል፤ ከእነዚህም ሰማንያ ስድስቱ ሴቶች ናቸው።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና በየግንባታው ቦታ «እትዬ ናቸው ያስተማሩኝ» የሚሉ ተማሪዎቻቸውን ትተውልናል። ዛሬም አስከሬናቸውን የተሸከሙት እነዚሁ ተማሪዎቻቸው ናቸው።

ፈጣሪ ደክመው ከሠሩ ሰዎች ጋር መልካም ማረፊያ ይስጥልን፤ ለባለቤታቸውና ለሁላችንም ጽናቱን ያድለን።