ክስ ቀርቦበት ነፃ ስለወጣው የፀጉር ክሬም

ለየዕለት መገልገያ ምርቶች ደህንነት ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ማኅተም ለሚመቱት ታታሪ ጸሐፊዎ የተሟላ ጤና እየተመኘሁ፣ አንድ ከባድ ዜና በጥልቅ ሐዘን ለማሳወቅ እገደዳለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአቤቱታ መቀበያው ክፍል ቀጥሎ ባለው መጸዳጃ ቤት ይኖር የነበረው ፈሳሽ ሳሙና ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሕመሙ ረዘም ያለ ነበር፤ መጀመሪያ ውኃ ተቀላቀለበት፣ ቀጥሎ ውኃው ራሱ ሳሙና ተባለ፣ በመጨረሻም ጠርሙሱ ብቻውን ቀረ። በጠርሙሱ ላይ ያለው የሎሚ ሥዕል ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልደበዘዘም። የሕዝቡን ሳሙና ሁሉ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስበት ሳያጽናኑ ወደ ራስ ጉዳይ መግባት ነውር ነው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። እኔ ክሬም አልቀባም፤ የሚቀባ ፀጉርም አልተረፈኝም። የምጽፍልዎ ስለ ታናሽ እህቴ ነው። ሥራዋ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉር ማለስለስ ነው። ሰፈሩ “ሬዲዮ” ይላታል፤ በሩ ላይ ቆማ ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ዜናውን ለመስማት የስፌት መኪናውን ያቆም ነበር፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ሽንኩርት የት እንደረከሰ ከእሷ ሳይሰማ የሚውል ሰው አልነበረም። ዛሬ ሬዲዮ የምትናገረው በሹክሹክታ ብቻ ነው። አጠገብዎ ተቀምጣ ስታወራ ድምፅዋ ከተዘጋ በር ጀርባ የሚመጣ ይመስላል። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በክሬሙ ጣሳ ላይ የመሥሪያ ቤትዎን አረንጓዴ የማረጋገጫ ምልክት ስለለጠፉልን ከልብ እናመሰግናለን። ክቡርነትዎ ፀጉር ቤት ገብተው ስለማያውቁ ላስረዳ። ክሬሙ ፀጉር ላይ ተቀብቶ የጋለ ካውያ ሲያርፍበት ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሌላ ሥራ ቢሆን ሰው ይሸሻል፤ በዚህ ሙያ ግን ማቃጠሉ ማዕረጉ ነው። የማያስለቅስ ክሬም ተመሳስሎ የተሠራ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ደንበኞች እንባቸውን እየጠረጉ “አሁን ገና ዋናውን አመጣችሁ!” ብለው ይመርቃሉ፤ ደረቅ ዓይን ይዛ የተነሣች ሴት ደግሞ ተታለልኩ ብላ ጠብ ታነሣለች። ነፋስ ከገባ ፀጉሩ ተመልሶ ይጠቀለላል ስለሚባልም መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ይወተፋል። እትዬ የምንላቸው የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጢሱ በስንጥቅ ሲያመልጥ ካዩ “ዝጉት እንጂ! ጎረቤት በነፃ ይለስልስ ነው እንዴ?” ይላሉ። እህቴ በዚህ ዓይነት ስንቷን ሙሽራ ከሠርጓ በፊት አስለቅሳለች። ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ተቆጣጣሪ በሩን አንኳኩቶ ነፋስ ስላላስገባባት ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ መጀመሪያ የሄደው ማሽተቷ ነው። አንድ ቀን ወተት ምድጃ ላይ አርሮ ቤቱ በጢስ ጨልሞ ስደርስ፣ እሷ ከድስቱ አጠገብ ቆማ መስኮት መስኮቱን እያየች ታንጎራጉር ነበር። ቀጥሎ ማንጎራጎሩም ቀረ። የወሰድኳት የጉሮሮ ሐኪም በመብራቱ አፏን ሲያይ ቆየና “አስከሬን ክፍል ነው እንዴ የምትሠሪው?” አላት። “ኧረ እኔስ ሙሽራ ነው የምሠራው” አለችው። እኔ ሳቅኩ፤ ሐኪሙ አልሳቀም። አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚታጠብበት ፎርማሊን የሚባል ነገር እንዳለ፣ አንዳንድ ማለስለሻዎች ሲግሉ ከጢሳቸው ጋር እንደሚወጣ፣ የእኛ ክሬም ይኑርበት አይኑርበት እሱ ሊያውቅ እንደማይችልና መመርመር የእናንተ ሥራ እንደሆነ አስረዳን። እስከዚያው ወደዚያ ክፍል ከተመለሰች ግን የቀረችው ሹክሹክታም ላትተርፍ ትችላለች አለ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በአበባ ያጌጠ መኪና አሰልፈው የሚያልፉ ሙሽሮች ባየሁ ቁጥር ዞር እላለሁ። ከቬሏቸው ሥር የዚያ ክፍል ሽታ ይመጣብኛል። የሥራ ሻሿ እቤታችን በር ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ ሁለት ጊዜ ታጥቧል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ሽታው ቀድሞን ይገባል፤ ቀድሞንም ይቀመጣል። እሷ አይሸታትም። “ይሸታል እንዴ?” ስትለን ሁላችንም በአንድ አፍ “ኧረ ምንም!” እንላለን፤ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ ተስማምተን መዋሸት እንደቻልን አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ለእናታችን ለሰጡት ትምህርት እናመሰግናለን። ባለሥልጣን ስላለልን ዕቃ ገልብጣ አታነብ የነበረች ሴት ዛሬ መነጽሯን በመነጽር ላይ ደርባ የቤቱን ጣሳና ካርቶን ሁሉ ታገላብጣለች። የጥርስ ሳሙናው ላይ “መዓዛ” ይላል፤ ብስኩቱ ላይ “መዓዛ” ይላል፤ የሕፃን ቅባቱ ላይም “መዓዛ” ይላል። “የምን መዓዛ? መዓዛ ከሜዳ ይታፈሳል?” ትላለች። ባለፈው የልጄ ምላስ ከረሜላ በልቶ ሰማያዊ ሆኖ ሲመጣ ይዛው ወደ ቧንቧ ሮጠች፤ ልጁ በሳቅ ሲፈርስ እሷ ምላሱን ታሻለች። ምናልባት ከረሜላው ንጹሕ ነው። ምናልባት ብስኩቱም። ማን ይንገረን? የሚነግረን መሥሪያ ቤት በሐዘን ላይ ነው።

አራተኛ፦ ይህ በርስዎ ሥልጣን ሥር ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ይወቁት። እህቴ ደህና በነበረች ጊዜ በእናታችን ስልክ ላይ መጥሪያ እንዲሆን የራሷን ድምፅ ቀድታ ነበር፤ “እማዬ፣ አንሺ! አንሺ እንጂ! እኔ ነኝ እኮ!” ይላል፣ ከዚያ ሳቋ ይከተላል። አሁን እናቴ ስልኩ ሲጠራ አታነሣም። ይዛው ትቀመጣለች፤ እስኪያበቃ ታዳምጣለች። እህቴም ይህን ስላወቀች ከጓዳ ሆና ትደውልላታለች። ክቡር ሆይ፣ በሕይወት ያለ ሰው ቤት ውስጥ የሟች ድምፅ የሚመስል ነገር ሲጮህ፣ ባለድምፁ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ሲሰማ አይተው ያውቃሉ?

አምስተኛ፦ የክሬሙን ናሙና እህቴ ራሷ ከነጣሳው ተሸክማ አመጣችላችሁ። ሠራተኛችሁ በትሕትና ተቀብለው፣ አቤቱታ በአቤቱታ አቅራቢዋ በራሷ አንደበት በስልክ መስመራችሁ ካልተመዘገበ ናሙና እንደማይመረመር ገለጹልን። ደወለች። የተቀዳችው ሴት በሚያምር ድምፅ “ከድምፅ ምልክቱ በኋላ ይናገሩ” አለች። እህቴ ተናገረች። ሴትየዋ “ድምፅዎ አልተሰማም፤ እባክዎ ደግመው ይሞክሩ” አለች። እህቴ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ደገመች። “ድምፅዎ አልተሰማም፤ ስለደወሉልን እናመሰግናለን።” እኔ ልናገርላት ስል ደግሞ የጉዳዩ ባለቤት እንዳልሆንኩ በትሕትና ተነገረኝ። ክሬሙ ድምፅዋን ነጠቃት ብለን ለመክሰስ ድምፅዋን ይዘን መቅረብ ነበረብን፤ ይህን ቀላል ነገር አለማስተዋላችን ያሳፍረናል።

ስድስተኛና ዋናው፦ መልስ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ደብዳቤዎ “አቤቱታ አቅራቢዋ ቃላቸውን ለመስጠት ፈቃደኛ ሆነው ስላልተገኙ ፋይሉ ተዘግቷል” ይላል። በዕድሜዋ ሙሉ ዝም በይ ስትባል የኖረች ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልሽ ተብላ ተከሰሰች! ችግሩ ግን ይህ አይደለም። እትዬ ለእሳቸው የደረሰውን የደብዳቤውን ግልባጭ በፀጉር ቤቱ ትልቅ መስታወት ላይ ለጥፈውታል። ለገባ ለወጣው “ተከስሶ ነፃ የወጣ ክሬም ነው! መንግሥት ፋይሉን ዘግቶታል፤ ምን ትፈልጋላችሁ?” ይላሉ። ሌሎች ፀጉር ቤቶችም ክሬሙን ትተው የነበሩ ሁሉ ተመልሰው ገዝተዋል ሲባል ሰማሁ። ከሁሉም የከፋው እህቴ ራሷ ማመኗ ነው። “የተማሩ ሰዎች አይተው ነዋ የዘጉት፤ ጉንፋን ይሆናላ እኔን የያዘኝ” አለችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግቼ ነው የሰማኋት። አልመረመሩትም ብላት፣ “ታዲያ ማኅተሙ?” አለች። የጸሐፊዎ ክንድ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ካሣ አልጠይቅም፤ ይቅርታ እንድትጠይቁንም አልሻም፤ ክሬሙ መርዝ ነው ብለው እንዲጽፉም አልልም፤ አላውቅምና። እርስዎም አያውቁም። የምፈልገው ይህንኑ እንዲጽፉልኝ ነው፤ “ክሬሙ አልተመረመረም”። ሁለት ቃል። ማኅተሙን ብቻ እንደ ልማዳችሁ ጠንከር አድርጉት፤ እህቴ የምታምነው እሱን ነው። እትዬ ከሰኞ ጀምሮ እንድትመለስ ጠይቀዋታል። እኔም በልመናም በቁጣም ይዤአታለሁና እህቴ እስከ ሰኞ ቤት ናት። ስለዚህ መልስዎ ከሰኞ በፊት ቢደርሰን፣ ቀሪ ሹክሹክታዋን በሙሉ ለምስጋናዎ ታውለዋለች።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአፍንጫዎ ብርታት፣ ለጉሮሮዎ ጥራት፣ ለሥልጣንዎም እንደ ፋይሎቻችሁ ጥብቅ መዘጋት እየተመኘሁ፣ ወንበርዎን ከሩቅ ሆኜ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የሬዲዮ ታላቅ ወንድም

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ እንዲያስቀምጡት ሳይሆን እንዲያነቡት።

ድኅረ ጽሑፍ (እርማት)፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል እናቴ ከጓዳ ጠራችኝ። ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ሻሽ የለም። እትዬ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ መጥታባቸው ማልደው ልከውባት ኖሯል። ስለሆነም ከላይ “እህቴ እስከ ሰኞ ቤት ናት” ተብሎ የተገለጸው ስሕተት መሆኑ ታውቆ “እህቴ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ናት” ተብሎ እንዲነበብ እየጠየቅኩ፣ የቀረው የደብዳቤው ክፍል እንዳለ የሚጸና መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።