ያልለጠፍኩት ቢጫ ስቲከር

ላፍቶ
ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሴና፣
ባሕር ዳር

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ፣ የፋብሪካው የደኅንነት ሥራስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ገዲሴን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ እኔን ለመቆጣት አልደከመም። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ጥጃ አይተው የሚያውቁ አይመስሉም፣ በአጥር ላይ እየተንጠላጠሉ ፎቶ ሲያነሷት ይውላሉ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ የዋሸሁሽን በስልክ ማቃናት አቃተኝ። ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ «አቤት አባዬ» ስትዪኝ ስለ ላሟ አውርቼ ዘግቻለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በእነዚያ ስልሳ ጀሪካኖች ላይ ሁለቱንም ስቲከር አልለጠፍኩም። አንዱን ብቻ ነው የለጠፍኩት። ቢጫውን አልለጠፍኩም።

ይኸው ጻፍኩት። ስልሳ ሁለት ዓመት የኖርኩ ሰው፣ ለገዛ ልጄ ይህን እጽፋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። አሁንም እጄን አየዋለሁና የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።

ያን ሐሙስ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ባለው መጋዘናችን ውስጥ ለፋብሪካችሁ የሚላከውን የጨርቅ ማንጫ፣ ፐርኦክሳይዱን፣ ከትልቁ ታንክ ወደ ጀሪካን ቀድተን ጨረስን። ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ ስቲከሩ እንደ አዲስ ይለጠፋል፤ እሱ የእኔ ሥራ ነው። ፈሳሽ እጅ ሲበላ የሚያሳየው ነጭና ጥቁሩ ሞልቷል። ክብ ላይ ነበልባል ያለበት ቢጫው ግን አልቋል። ኃላፊያችን በፍቃዱ «ጋሼ ዋቅጅራ፣ ነገ ይታተማል፤ መኪናው ይደር» አለኝ። እሱ ይደር ብሎ ነበር፣ ሴና። «ለአንድ ቁራጭ ወረቀት ሰው እናሳድራለን እንዴ?» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም ዕድሜዬን አክብሮ ተወው።

ምን አደፈረህ ብትዪኝ፣ ያስተማርሽኝን ግማሹን ብቻ ይዤ ነው። ለመስቀል መጥተሽ በረንዳው ላይ ስታስረጂኝ፣ «አባዬ፣ ይህ ፈሳሽ ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዱ ምልክት የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ነጭና ጥቁሩ ቆዳ ይበላል ማለት ነው። ዋናው ግን ቢጫው ነው። ፈሳሹ ራሱ አይነድም፤ ያገኘውን ግን ያነድዳል» ብለሽኝ ነበር። እኔ «ራሱ አይነድም» የሚለውን ያዝኩና የቀረውን በጆሮዬ አሳለፍኩት። የማይነድ ነገር ላይ የእሳት ሥዕል ምን ይሠራል አልኩ። እጅ የሚበላውን ካዩ ሰዎቹ መጠንቀቃቸው አይቀርም፣ ይበቃል አልኩ። አዋቂ ነኛ!

በዚህስ ባበቃ። ጭዱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጀሪካኖቹ ቁልቁለት ላይ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ብዬ፣ ከቀረችን ቁራሽ መሬት ዘንድሮ የወቃነውን የጤፍ ጭድ አምስት ማዳበሪያ በጋሪ አስመጥቼ በየመሀሉ ጎሰጎስኩት። ሾፌሩ ደምሰው «ጋሼ፣ እንደ እንቁላል አሸጉልኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኔም የረባ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ የሆነውን ታውቂዋለሽ። አባይ በረሃ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዱ ጀሪካን አፈሰሰ፤ ደምሰው በመስታወት ጭስ አይቶ ቆመ፤ ዕቃውን አተርፋለሁ ብሎ ሁለት እጁ ተቃጠለ። መኪናው ከነጭነቱ አመድ ሆነ። ስቲከር የሚባል ነገር አልተረፈም።

በነጋታው ቅዳሜ፣ የአደጋውን ሪፖርት የምትጽፊው አንቺ ነሽና፣ ደወልሽልኝ። «አባዬ፣ ሁለቱም ምልክት ነበረ አይደል?» አልሽኝ። «አዎ» አልኩ። እንደገና ጠየቅሽኝ፣ ድምፅሽም ዝቅ ብሎ ነበር። «አዎ አልኩሽ እኮ!» ብዬ ተቆጣሁ። አፌ እንዴት እንዳለው እስካሁን አልገባኝም። ላስብበት እንኳ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ቁጣው ሳይቀር ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን እያደር ድንጋይ ሆነብኝ።

በእርግጥ ያን ጊዜ ጭዱ ነው ብዬ አላሰብኩም። ጭድ ነው እኮ! ከብት የሚበላው፣ ቤት የምንለስንበት፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ አውድማው ላይ የተንከባለልሽበት። እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ እፍኝ ጭድ ቆርቆሮ ላይ አድርጌ ከፈሳሹ አንድ ኩባያ አፈሰስኩበት። ስታነቢው እንደምትጮሂብኝ አውቃለሁ። ምንም አልሆነም። «ተመስገን፣ እኔ አይደለሁም» አልኩና ማዳበሪያዎቼን ማጠፍ ጀመርኩ። ሦስተኛውን ሳጥፍ ጭስ ሸተተኝ። ዞር ስል ጭዱ ይነዳል። ክብሪት የለ፣ ከሰል የለ፣ ከእኔ በቀር ሰው የለ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በፍቃዱ ነው ውኃ ይዞ ሮጦ መጥቶ ያጠፋው።

ሐሙስ ደምሰውን ልጠይቀው መካኒሳ አቦ፣ ተከራይተው ያሉበት ቤት ሄድኩ። ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሚስቱ ራኬብ ነበረች የምታጎርሰው። መንጃ ፈቃዱ ተይዟል። አንቺ የፈረምሽበትን ሪፖርት ኮፒ ራኬብ ከመጽሐፍ ቅዱሷ መሀል አውጥታ ሰጠችኝ። «በመጋዘኑ ሠራተኛ ቃል መሠረት ሁለቱም ምልክቶች ተለጥፈው ነበር» ይላል። ቀጥሎ፣ ቢጫው ምልክት እያለ የሚነድ ነገር አጠገቡ ስለማይጫን፣ እሳቱ ከውጭ የመጣ መሆኑን፣ ምናልባትም የሲጋራ ቁራጭ ሊሆን እንደሚችል ይላል።

ሲጋራ! ደምሰው ጴንጤ ነው ልጄ፤ ቢራ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል። ሽማግሌዎቹ ጠርተው፣ ነገሩ እስኪጣራ መድረክ ላይ አትቁም ብለውታል። ራኬብ ይህን ስትነግረኝ አንገቷን ደፍታ ነበር።

«ጋሼ፣» አለኝ ደምሰው፣ «ቢጫ ምልክት ያለበትን ጭኜ አውቃለሁ። ጭድ ቀርቶ ካርቶን አላስጠጋውም። ያን ቀን ነጭና ጥቁሩን ብቻ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ሴና ሁለት ነበር ካለች ግን ዓይኔ ይሆናል የሳተው።»

«እንዴት ዓይኔ ነው ትላለህ?» አልኩት።

«እሷማ የተማረች ልጅ ናት፣ የማታውቀውን አትጽፍም። እኔ ደግሞ ጌታ ያውቃል፣ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። እሷም አልዋሸች፣ እኔም አልዋሸሁ። ታዲያ ማነው የዋሸው፣ ጋሼ?»

ነገር ሊያዞርብኝ አይደለም። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ፤ ከእኔ ከሽማግሌው መልስ ፈልጎ። እኔ ምን አደረግኩ? ራኬብ የቀዳችልኝን ውኃ ጠጣሁ፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» አልኩና ወጣሁ። የታክሲውን ተራ አልፌ እስከ ላፍቶ በእግሬ መጣሁ።

ትናንት ለእናትሽ ነገርኳት። ስለ መኪናው ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «ሴናን ነው የዋሸኻት?» አለች። «አዎ» አልኳት። ወጥታ ጥጃዋ አጠገብ ቆመች፣ እስኪመሽም አላናገረችኝም።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ደምሰው ቤት እሄዳለሁ። ለእሱ በአፌ ከነገርኩት በኋላ አብረን ወደ ትራፊክ ፖሊስ እንሄዳለን፤ ቃሌን እሰጣለሁ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች አነጋግራለሁ፤ እምነቴ ሌላ ቢሆንም ያስገቡኛል ብዬ አምናለሁ። በፍቃዱ አስቀድሞ ይደር ማለቱንም እናገራለሁ። ሊያስሩኝ ይችላሉ፤ እናትሽን ወንድሜ ቶሌራ ያያታል። ደብዳቤውን ነገ እሑድ የቶሌራ ልጅ ፍሮምሳ በአውቶቡስ መጥቶ በእጅሽ ይሰጥሻል። ነገ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እኔ ከመናገሬ በፊት አንቺ ወረቀትሽን እንድታስተካክዪ። ሴና አባቷን ሸፈነች እንዳይሉሽ።

ያን ቀን ሁለተኛ የጠየቅሽኝ ለምን እንደሆነ አስቤበታለሁ። አትመልሺልኝ። ልጅ አባቷን ብታምን አይፈረድባትም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አዲሱን ስትጽፊ «የመጋዘኑ ሠራተኛ» ብለሽ አትለፊኝ። ያን ኮፒ ሳነብ ግርጌው ላይ ፊርማሽን አየሁ፤ ሴና ዋቅጅራ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ስትመረቂ በዚያ ስም ሲጠሩሽ ስንቱን ጎረቤት እንዳስቸገርኩ ታውቂያለሽ። ሐሙስ ግን ስሜን ከስምሽ ቀጥሎ፣ ከእኔው ውሸት በታች ተፈርሞ አገኘሁት። አሁን ከፍ አድርገሽ፣ ከእውነቱ ጋር ጻፊው፤ ሙሉውን።

የአያቶችሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። የያዝሽው ይባረክልሽ፣ እጅሽን እሳት አይንካው። እናትሽ ሳመችሽ በልልኝ ብላለች፤ ከትናንት ወዲህ የተናገረችኝ ይህንን ብቻ ነው።

አባትሽ
ዋቅጅራ ኢሉ