የተሳለምነው ደረጃ

ደብረ ታቦር
መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለምሳሳልህ ልጄ ለመርሻ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከእግሬ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤታችን እትዬ ጌጤ ግን አልጋ ይዘዋል። ልጃቸው ማሩ ኅዳር ላይ ገብስ ሊሸጥ ገሳይ ገበያ ወጥቶ ታፍሶ ወደ ጦሩ ከሄደ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞር ብሏል። ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለ። ሴት ልጃቸው ከይፋግ መጥታ ታስታምማቸዋለች፤ ባሏ «መቼ ነው የምትመለሺው?» እያለ በየሳምንቱ መልእክተኛ ይልካል፣ ወጥ መሥራት አቅቶት ነው መቼም። እኔም ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዤ ብቅ እላለሁ።

«እዚህ ሜክሲኮ የስንዴ ትምህርቴን ሰኔ ላይ ስጨርስ አገሬ ልግባ ወይስ ሁለት ዓመት ጨምር ያሉኝን እሺ ልበል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን እጽፍልሃለሁ። አስቀድሜ ግን በሆዴ የያዝኩትን ላውጣው፤ አለዚያ አይለቀኝም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ፖስታውን ስቀደው መጀመሪያ የወደቀው ፎቶግራፉ ነው። አንተ ቆመሃል፤ ከኋላህ ተራራ የሚያህል የድንጋይ ካብ አለ፤ በደረጃው ሰው እንደ ጉንዳን ተደርድሮ ይወጣል። ምን ልበል? «ልጄ በሰው አገርም ደብር አላጣም» ብዬ ተሳለምኩት። የእጅ ጽሑፍህን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ የእኔ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አይችለውም። አራት ገጽ ማንበብ ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ ሳላነበው ፎቶውን ይዤ ወደ እትዬ ጌጤ ሮጥኩ።

«የየት ደብር ነው እታለም?» አሉኝ።

«የሜክሲኮ» አልኳቸው፣ ልክ እንደሚያውቅ ሰው።

«የደረጃው ብዛት! ከጣራ ገዳም አቀበት አይብስም? ታቦቱ የማን ይሆን?»

«በዚህ ከፍታ የሚካኤል ሳይሆን አይቀርም» አልኩ፤ አፌን ይቁረጠው።

ሦስት ጊዜ ተሳለሙትና «ማረኝ» እያሉ ከሚያማቸው ሆዳቸው ላይ አኖሩት። በዚህ መካከል የንስሐ አባታችን አባ ሀብተማርያም ለበሽተኛዋ ጸሎት ሊያደርሱ ገቡ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዘው አገላብጠው አዩ።

«ጉልላቱ የታለ? መስቀሉስ?»

«ፎቶ አንሺው ቆርጦት ይሆናል አባቴ።»

ጥቂት አመነቱና እሳቸውም ተሳለሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤህን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፀሐይ የሚያመልኩ ሰዎች የሠሩት ነው ትላለህ። አስጎብኚው እንደነገራችሁ፣ በድሮ ዘመን ነውር የሌለበትን ወጣት መርጠው፣ አበባ አጥልቀው፣ ከበሮ እየመቱ በዚያ ደረጃ ያወጡታል፤ ላይ ሲደርስ ደረቱን በድንጋይ ቢላዋ ከፍተው ልቡን...

አባ እዚያ ላይ አቆሙ። አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔ ደጅ ወጥቼ ምራቄ እስኪደርቅ ተፋሁ። የእትዬ ጌጤ ልጅ ውሃ ታቀብለናለች፤ እንጉመጠመጣለን። አባ ቤቱንም እኛንም ጸበል ረጩ፤ የበሽተኛዋን ሆድ ደግሞ ለብቻው።

«እኔ እንኳ ጉልላት የለውም ብዬ ነበር» ይሉኛል ደግሞ!

«ብለው ነበር፤ ግን ተሳልመዋል።»

መልሰው ጸበል ረጩኝ።

ይባስ ብለህ በአራተኛው ገጽ፣ ከደረጃው ሥር በበርበሬ የተቆላ ፌንጣ ሲሸጡ ገዝቼ በላሁ ትላለህ! ትልም ቀመስኩ! መርሻ፣ ያንን አፍ ነው ጡት ያጠባሁት? ዮሐንስ መጥምቅም አንበጣ በልቷል ብለህ እንዳትመልስልኝ፤ አባ እንዳሉት ያ የበረሃ ቅጠል ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ማዕድ በቀረብኩ ቁጥር ያ ትል እየመጣብኝ ጾሜን አደርኩ።

ሁላችን ስንተፋ እትዬ ጌጤ ብቻ አልተፉም። ከትራሳቸው ቀና ብለው፣

«አባቴ፣ የልጆቹ እናቶች የት ቆመው ነበር ይላል?» አሉ።

አባ ገጹን ገልበጥ አድርገው ፈለጉ። «እሱን አልጻፈም።»

«እልል አሰኝተዋቸው ይሆናል» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

መርሻዬ፣ ከዚያ ወዲህ አፌን ስንት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ፤ አልጠራ አለኝ። የታፈሱትን ልጆች ከገሳይ እዚህ አምጥተው መኪና ላይ የጫኑ ዕለት፣ የሴቶች ማኅበሩን በሙሉ አደባባይ አውጥተውን ነበር። አበባ አስይዘውናል። ከበሮም ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር «እልል በሉ!» አለ። እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ። እኔ ግን «የዚህች ልጅ ውጭ አገር ነው፤ አኩርፋለች» እንዳይሉኝ፣ በአንተም እንዳይመጡብኝ ፈርቼ እልል አልኩ። የኔ ድምፅ ከሴቱ ሁሉ በለጠ። ማሩ ድምፄን ለይቶ ከመኪናው ላይ ዞር ብሎ አየኝ። በእኔ ቤት ያደገ ልጅ! በፀሐይ አምላኪዎቹ ላይ ተፋሁ እንጂ፣ እኔስ ከነሱ በምን ተሻልኩ?

አሁን ወደ ጥያቄህ። ያ አስጎብኚ፣ ይህ ሁሉ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል ብሏችኋል። ዛሬ ሰው ቲኬት ቆርጦ ወጥቶ፣ አይቶ፣ በእግሩ ይወርዳል። እዚህ ባለፈው ሳምንት ዲፕሎማ ያላቸውን ሁለት ልጆች ከሥራ ገበታቸው ወስደዋል። አንተ ሃያ አምስት ዓመትህ ነው፤ ጤነኛ ነህ፤ ነውር የለብህም።

ሁለት ዓመቱን እሺ በላቸው። ሦስት ቢሉህም እሺ በል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ለአባቱ ለቅሶ ከሜክሲኮ መጥቶ የነበረው የትምህርት ጓደኛህ አለሙ ነው። አንብበህ አቃጥለው። በፖስታ ቤት በኩል ሌላ ደብዳቤ ይመጣልሃል፤ እሱም በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። «ልጄ ሆይ፣ ናፍቀኸኛል፣ አገርህ ትፈልግሃለች፣ ሰኔ ላይ ሳትውል ሳታድር ና» ይላል። መንገድ ላይ ከፍተው የሚያነቡት ስላሉ ነው። ናፍቀኸኛል የሚለው እውነት ነው። ሌላውን አትመነኝ።

የወጣህበትን የሚያውቅ አምላክ ከዓይን ይሰውርህ፤ እንቅፋት አይንካህ፤ ከእኔ እድሜ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ።

እናትህ ዓለሚቱ