ጥገና ላይ ነው

ይድረስ ለአባቴ፣

እንዴት ነህ አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ ግድግዳ እየያዝክ ከአልጋህ እስከ በረንዳው መሄድ ጀምረሃል። ደስ ብሎኛል። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለውን አንብበህ ስትጨርስም ደስ እንዳለኝ እንድታምነኝ ነው። የእኔን ከጠየቅክ ሥራ አለኝ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እንቅልፉ ላይ ብቻ ትንሽ ዋሽቻለሁ።

ራስህ ይህን የምታነበው ከደብዳቤው ጋር የላክኩልህን መነጽር አድርገህ መሆን አለበት። የአውቶቡሱን ሹፌር በእጁ ስጥልኝ ብዬ አደራ ያልኩት ለዚሁ ነው። ዓይንህ ከደከመ ወዲህ የሚመጣልህን ወረቀት ሁሉ የምታነብልህ እናቴ መሆኗን አውቃለሁ። አነባበቧንም አውቀዋለሁ፤ የመብራት ማስጠንቀቂያ እንኳ ቢሆን ድምጿን አሳምራ፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ነው። ይህን ግን እሷ እንድታነበው አልፈለግኩም። መነጽሩን የመረጥኩት በግምት ነው፤ ካልተስማማህ ወረቀቱን ትንሽ አርቀህ ያዘው።

ያንን የጌም ማጫወቻዬን ታስታውሰዋለህ? አጎቴ ከመርከብ ሥራው ሲመለስ ያመጣልኝን፣ ግራጫውን፣ ካሴቱን ከአናቱ የሚውጠውን። እናቴ ልብስ ስትተኩስ ሰው በር አንኳኩቶባት ካውያውን እላዩ ላይ አስቀምጣ ሄደች፤ ስትመለስ የካውያ አፍንጫ የመሰለ ጠባሳ ቀርቶበት ነበር። እኔ አለቀስኩ። አንተ ግን እንኳን ሆነ፣ አሁን ከሰው ዕቃ ይለያል፣ የትም ቢሄድ አይጠፋብሽም ብለህ አሳቅከኝ። እውነትህን ነበር። አልጠፋብኝም።

ካሴቱ አንድ ብቻ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ታስረው በረዶ የሸፈነው ተራራ ይወጣሉ። ለብቻም መጀመር ይቻላል፤ ግን መሃል ላይ የተሰበረ ድልድይ አለ፣ እዚያ ጋ አንዱ ገመዱን ይዞ ካልቆመ ሌላው መሻገር አይችልም። ስንቱን ቀን ሞከርኩት፤ አንዱን ጆይስቲክ በእጄ ይዤ ሌላውን በእግሬ ጣት እየተጫንኩ። ሁለቱም ተያይዘው ገደል ይገባሉ። ካሴቱን አውጥቼ እፍ እላለሁ፣ ጥፋቱ የአቧራ ይመስል። አንተን ስለምንህ ደግሞ ጣቴ ወፍራም ነው፣ ይህ የልጅ ነገር ነው፣ አልችልበትም ትለኛለህ። ጣትህን አየሁና አመንኩህ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ፣ ትልቁ ከተማ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄዋለሁ አልከኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ልጠይቅልሽ ብለህ አውቶቡስ ተሳፈርክ። አመሻሽ ላይ ባዶ እጅህን ተመልሰህ መለዋወጫ አልተገኘለትም፣ ጥገና ላይ ነው አልክ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ፣ የሚቀጥለውም። ሳኮርፍ አገጬን ቀና አድርገህ፣ አይዞሽ፣ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም ትለኝ ነበር።

ዛሬ የሚያንገበግበኝ ምኑ እንደሆነ ልንገርህ? አንዳንዱን ቅዳሜ ደክሞህ ይሁን ዝናብ ሆኖብህ ቤት ልትውል ስትል፣ ጃኬትህን አምጥቼ ትከሻህ ላይ ጣል የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሂድልኝ፣ ዛሬ ደርሶ ይሆናል እያልኩ ከቤት የማስወጣህ እኔ ነበርኩ። እናቴ የመንገድ ምሳህን ትቋጥራለች። እናትና ልጅ ተጋግዘን እናዘጋጅህና በር ላይ ቆመን እጃችንን እያውለበለብን እንሸኝሃለን። ወዴት እንደምንልክህ ሳናውቅ።

መጫወቻውን ከረሳሁት በኋላ እንኳ አንተ አልረሳኸውም። ጠጋኙ ሰነፍ ቢሆንም ታማኝ ነው፣ ዕቃ አይጠፋበትም ትል ነበር። እናቴም ስትቆጣኝ ዛሬም ድረስ የምታነሳው እሱኑ ነው። አባትሽ ላንቺ መጫወቻ ሲል ቅዳሜውን ሁሉ በመንገድ ጨረሰ፣ አንቺ ግን ምስጋና አታውቂም ትለኛለች። ይህን ተሸክሜ ነው ያደግኩት። ሰው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላል፤ አንተ እምዬንም አልፈህ ልጅህ ላይ ለከክከው።

እኔም ጠጋኝ የሆንኩት በዚያ ሰነፍ ጠጋኝ ተናድጄ ነው። እንዴት ሰው የልጅ ዕቃ ይዞ ይህን ያህል ያመላልሳል፣ እኔ ብሆን እያልኩ ሙያውን ተማርኩ፤ ትልቁ ከተማ መጥቼ ሱቅ ከፈትኩ። አይተኸው ስለማታውቅ ልንገርህ። ከልብስ ሰፊው ሥር በደረጃ የሚወረድባት አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። የጡረታ ጉዳይ ይዤ መጥቼ ነበር፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ሳላይሽ ተመለስኩ ብለህ በስልክ በነገርከኝ ጊዜ ሁሉ፣ ጫማህ በመስኮቴ አልፎ ይሆን እያልኩ አሁን አሁን አስባለሁ።

ሰሞኑን የድሮ ጌም ፋሽን ሆኗል። ትልልቅ ሰዎች በልጅነታቸው የተጫወቱበትን ከጣሪያ ሥር አውርደው፣ የአይጥ ኩስ አራግፈው ያመጡልኛል። ክራቫት ያሰረ ሰው፣ በቢሮው ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ ያቺ የመክፈቻ ዜማ ስትሰማ አፉን ይዞ ይቆማል። አንዳንዱ ያኔ ያልደረሰበትን ቦታ አሁን ሲደርስበት እንደ ልጅ ይዘላል። ደስ ይለኛል፣ እቀናለሁም። እነሱ የራሳቸው ዕቃ ተመልሶላቸዋል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አንዲት ወጣት ደረጃውን ወርዳ ገባች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፣ እጅጌዋ ላይ ዱቄት ነበረ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ እህቴ፣ እስቲ ይህን እይልኝ አለችኝ። ደንበኛ ሁሉ እህቴ ነው የሚለኝ፣ ልብ አላልኩትም። ስሟን ከነአባቷ ጠየቅኳትና በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የአባቷ ስም ላይ ስደርስ እጄ ሳልነግረው ጻፈው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከራሴ ስም ቀጥሎ ሲጽፈው ኖሯልና። መቼም ስም ይመሳሰላል ብዬ ፎጣውን ገለጥኩት። የካውያው ጠባሳ እዚያው ቦታው ላይ ነበር።

ገልብጬ ብሎኖቹን አየሁ። አባዬ፣ ጠጋኝ እጅ የገባ ዕቃ ያስታውቃል፤ የብሎኑ አናት ይፋቃል፣ ፋብሪካው መገጣጠሚያው ላይ የለጠፈው ወረቀት ይቀደዳል። ይሄ እንደተወለደ ነው። ያ ሰነፍ ግን ታማኝ ጠጋኝህ አንድም ቀን አልነካውም። መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ከየት አገኘሽው አልኳት። ገና ፊደል ሳልቆጥር አባቴ ነው ያመጣልኝ አለች። አባቷ ሥራው ሌላ ከተማ ስለነበረ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ አሁን ጉልበቱን ታሞ ከቀረባት ቆየ። ሲሻለው እንደ ድሮው አብረው እንዲጫወቱበት አሠርታ ልትጠብቀው አስባ ነው ያመጣችው። ሳልጠይቃት ደግሞ፣ ሲደውልላት ቅዳሜ ሩቅ አይደለም እንደሚላት ነገረችኝ። እሷም እንደ እኔ አምናሃለች።

ብልሽቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የመብራት ገመዱ የሚሰካበት ቦታ የተበየደበት ሊድ ተሰንጥቋል፤ አቅልጬ መለስኩት። በራ። ካሴቱ ግን እምቢ አለ። አውጥታ እፍ አለችበት፣ ልክ እንደ እኔ ዓይኗን ጨፍና። ለሙከራ ብዬ ሁለቱንም ጆይስቲክ ሰካሁና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚህ አልፌ አላውቅም አልኳት። ሳቀችብኝ። ቀላል እኮ ነው እህቴ፣ እኔ ገመዱን እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሩጪ አለች። ከአባቷ ጋር ስንቴ እንደጨረሱት፣ ሁልጊዜ ገመድ ያዡ እሱ እንደነበረ፣ በዚያ ወፍራም ጣቱ አንድም ቀን ለቋት እንደማያውቅ ነገረችኝ።

ሮጥኩ። ተሻገርኩ። ከድልድዩ ማዶ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ አየሁት። አንዲት ጎጆ ናት፣ መስኮቷ ላይ መብራት ያለባት፣ ያን ያህልም አታምርም። ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ያለቀስኩት ብዬ ልስቅ ስል ዓይኔ ሞላ። የሊዱ ጭስ ነው አልኳት።

ሌላ ቤት መያዝህን እናቴ ትፍረደው፤ እሱ የእሷ ነው። መጫወቻዬን መውሰድህም ያልፋል፤ ልጅ ነበረች፣ ደስ ብሏታል። እኔን ያቃጠለኝ መጫወት መቻልህ ነው። ትችልበት ነበር አባዬ። በእኔ ጊዜ ብቻ ነው ጣትህ የወፈረው።

ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ለእናቷ እያለ ሲጠራኝ ነው ያደግኩት። ለካ ሰዎቹ አልተሳሳቱም፤ ለእናቷ አሉ እንጂ ለአባቷ ማን አለ? እኔ ነኝ እስከ ዛሬ በየደብዳቤው ግርጌ አንዲቷ ልጅህ ብዬ የፈረምኩ ሞኝ። አንተም አንድ ቀን አላረምከኝም።

ልጅቷን ልጠላት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ስትስቅ አገጯ የአንተ ነው፤ የእኔም ነው። የዚያን ቀን ዕቃውን ይዛ ልትሄድ ስትል፣ እዚህ ለሙከራ ይሠራል እንጂ ቤት ብትወስጂው ይቃጠላል፣ መለዋወጫ ያስፈልገዋል አልኳት። በሳምንቱ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ መጣች። ደረሰ ወይ እህቴ አለች። አልተገኘም፣ ጥገና ላይ ነው አልኳት። ቃሉ እንዴት ቀሎ ከአፌ እንደወጣ ሲገርመኝ ዋለ። የአባት ሙያ አይጠፋም መሰለኝ። ተቀምጠን ዳቦውን እየገመጥን ተጫወትን፤ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንዲሁ ነው። እሷ ስትሄድ ግን ውሸቱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። አንተ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አድርገህ ዋጥከው?

እንግዲህ የምፈልገውን ስማ። እናቴን አጠገብህ አስቀምጠህ በገዛ አፍህ ንገራት። ለታናሼም ደውለህ፣ እዚያች ምድር ቤት ያለችው ጠጋኝ ማን እንደሆነች ንገራት። ለእኔ አትተወው፤ እኔ እንዳንተ አላሳምረውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ የአንተ ንጋት ግን ብዙ አርፍዷል። ዝም ካልከኝ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ያኛው መነጽር የለውም፤ እናቴ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ድምጿን አሳምራ ታነብልሃለች።

አንድ ነገር ብቻ እፈራለሁ፤ ከአንተ ሌላ የምነግረው ስለሌለኝ ለአንተው ልንገርህ። እስካሁን ሳታውቅ ነው እህቴ የምትለኝ። ስታውቅ ደግማ ትለኝ እንደሆን እንጃ።

በል ጉልበትህን የሚጠግን እሱ ይጠግንልህ። ለዓይንህ ብርሃን፣ ለአፍህ ድፍረት ይስጥልህ። እናቴን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። መነጽሩን ማን ላከልህ ካለችህ ልጅሽ ናት በላት፤ ከዚህ ጀምረህ እውነት መናገር ተለማመድ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ሁለቱን ወንበሮች ከወዲሁ ጎን ለጎን አድርጌያለሁ። ዕቃው አሁንም ጥገና ላይ ነው።

ታላቋ ልጅህ