ማንኮራፋትህ ቀልድ አልነበረም

ታድዬ፣ ያለህበት ቦታ ዕረፍት ያለበት ይሁንልህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው የሜልበርን ብርድ ገባ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ እንባዬ እየቀደመኝ ነበር። አሁን የሚቀድመኝ ንዴቴ ስለሆነ እንደተናደድኩ እጽፍልሃለሁ። መቼም ስቆጣ ዝም ብለህ መስማት ታውቅበት ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። ከጎናችን የነበረው አሮጌ ቤት ፈርሶ አዲስ እየተሠራበት ስለሆነ ሰፈራችን ሜድስቶን ጠዋት ጠዋት በመዶሻ ድምፅ ነው የሚነቃው። ልጃችን ሕሊና ከተማ ውስጥ ሥራ ይዛ በባቡር ትመላለሳለች። ስትገባ «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» ትለኛለች። እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትቀጥላለች፣ እንዲሁ እየተግባባን እንኖራለን። ጃኬቶችህን ለሰው ሰጠሁ። ሰማያዊውን ግን ማንም እንዲለብሰው አልፈለግሁም።

አሁን ስላናደደኝ ነገር ልንገርህ። በሙት ዓመትህ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞልቶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጨዋወት፣ ከካፌ ጓደኞችህ አንዱ ተነሳና ስለ ማንኮራፋትህ ማውራት ጀመረ። ለጉዞ በሄዳችሁ ጊዜ አንድ ክፍል ከአንተ ጋር ላለማደር እንዴት ዕጣ እንደተጣጣሉ ተረከ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ሊያስታውስህ ብሎ ነው። አዳራሹ ግን ሳቀ። ወንድምህ ጋሽ ከበደም ሳቁ። እኔ ሳህኔን አስቀምጬ ተነሳሁ።

የተናገርኩትን ከመንገርህ በፊት ለምን እንደተናገርኩ አንተ ራስህ አስታውስ።

አንተ በእንቅልፍህ ታዋቂ ሰው ነበርክ። ፉትስክሬይ ሰፈር ባለው ካፌ ውስጥ ወሬው ሳያልቅ ወንበርህ ላይ ጭልጥ ስትል በስልካቸው ይቀርጹህ ነበር። አንተም አብረሃቸው ትስቃለህ። ጠዋት ራስህን በሁለት እጅህ ይዘህ ስትነሳ ግን ከእነሱ አንዳቸውም አጠገብህ አልነበሩም። ዌሪቢ ያለው መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ስትነዳ ውለህ አብረን ወደ ቤት ስንመለስ፣ መሪ እንደያዝክ ቀይ መብራት ላይ አንቀላፍተህ ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ ሲያደርግ ደንግጠህ የነቃኸው እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ነው። በእንቅልፍህ መሀል ማንኮራፋቱ ድንገት ሲቆም፣ ትንፋሽህም አብሮት ሲቆም፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ስታቃትት የሰማሁት እኔ ነኝ።

ያ ጂፒህ፣ የዘወትር ሐኪምህ፣ ደግሞ አለ። የደም ግፊትህ አልወርድ ሲል በአንዱ ኪኒን ላይ ሌላ ጨመረልህ፣ በሁለቱ ላይ ሦስተኛ። ጨው ቀንስ፣ ክብደት ቀንስ ይልሃል፣ አንተም ትቀንሳለህ። አንድ ቀን እንኳ እንቅልፍህ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀህም። ስለዚህ እኔ አብሬህ ገባሁ። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። «ዶክተር፣ ተኝቶ እያለ ትንፋሹ ይቆማል» አልኩ። እሷ ነገሩን አሳጥራ «ባለቤቷ ያንኮራፋል ትላለች» አለችው። ይህንን ለመረዳት የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ። «ኖት ስኖሪንግ፤ ብሪዚንግ ስቶፕ» አልኩት በራሴ አንደበት። ሰውየው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ፈገግ ብሎ፣ ሚስቶች ሁሉ ስለ ባሎቻቸው እንደዚህ ይላሉ አለ። እስከ መኪናው ድረስ እየተቆጣሁ ሄድኩ። አንተ ደግሞ «ተይው፣ ሰውየው ቢዚ ነው» አልከኝ።

እሱ ለእረፍት ሲሄድ የተተካችው ወጣት ሐኪም ግን የኪኒኖችህን ብዛት አየችና በመጀመሪያ የጠየቀችህ ስለ እንቅልፍህ ነበር። ለምርመራ ላከችህ፤ ራስህና ደረትህ ላይ ሽቦ ለጥፈው አሳደሩህ። በሽታው ስሊፕ አፕኒያ ነው አሉን። ያቺ ሐኪም እኛ በምንረዳው መንገድ አስረዳችን፦ ሲተኙ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ይቋረጣል፣ ሰውነት አየር ሲያጣ ይደነግጣል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠባል። ሌሊት ማረፍ የነበረበት ግፊት አያርፍም። ይህ ሲደጋገም ቀንም ከፍ እንዳለ ይቀራል፣ መድኃኒቱም ይታገለዋል። አፍንጫህ ላይ በሚደረግ ማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮህን ክፍት የሚያደርግ ማሽን ሰጡህ። ኪኒንህንም እንዳታቋርጥ አስጠነቀቁህ።

እነዚያን ወራት አትርሳቸው፤ እኔ አልረሳኋቸውም። ራስ ምታትህ ለቀቀህ። ግፊትህ ብዙም ባይሆን ወረደ፤ ሐኪሟ ደስ አላት። አንድ ቅዳሜ ከዌሪቢ እርሻዎች ጎመን ልንገዛ ሄደን፣ ስንሄድም ስንመለስም አንዴ ሳታዛጋ ስታወራኝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ግማሽህን ይዤ ነበር ለካ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ጋሽ ከበደ ቤታቸው እየታደሰ ስለነበር እኛ ጋ ሊያርፉ መጡ። መኝታ ቤታችን በር ላይ ቆመው ማስኩን አዩና «ታደሰ፣ ሳትሞት ኦክስጅን ተከሉብህ?» አሉ። በማግስቱ ካፌው ሁሉ ሰምቷል። በማስኩ የተነሳ ስምህ «ፓይለቱ» ሆነ። አንተ በማንኮራፋትህ ሲስቁ አብረህ የምትስቀው ሰው፣ በማሽኑ ሲስቁ አልቻልክም። ማስኩም አየር እያፈሰ አፍንጫህን ይልጥህ ነበር፤ ሄደን በሌላ ልክ እናስቀይረው አልኩህ፣ በኋላ አልከኝ። ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትከው። ለመንኩህ፣ ተቆጣሁህ፣ ሕሊናም አለቀሰችብህ። «ሰው እንደ በሽተኛ ሲያየኝ አልወድም» አልከን። በአንተም ተናድጃለሁ ታድዬ። ለሰው ሳቅ ብለህ እኛን ተውከን።

ራስ ምታቱ ተመለሰ፣ ግፊቱም ተመለሰ። አንድ ጠዋት ሥራ ቦታህ ወደቅክ። ስትሮክ ነው አሉኝ። ሆስፒታል ስደርስ ስሜን መጥራት አቅቶህ እጄን ብቻ ያዝከኝ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

ማሽኑን ባትተወው ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሞቹን ጠይቄአለሁ። እርግጠኛ ሆነው መናገር እንደማይችሉ፣ አደጋውን ግን እንደሚቀንስ ነገሩኝ። ይህንን «አይታወቅም» ይዤ ነው የምኖረው።

አሁን አዳራሹ ውስጥ ያልኩትን ልንገርህ። «የሳቃችሁበት ነገር በሽታ ነበር» አልኩ። «ትንፋሹ ሲቆም ግፊቱ ይወጣ ነበር። ሲታከምም ሳቃችሁበት፣ አፍሮ ሕክምናውን ተወ። ከዛሬ ጀምሮ በባሌ እንቅልፍ ማንም እንዲቀልድ አልፈቅድም። በእናንተም መካከል እንደሱ የሚተኛ ካለ ነገ ጂፒው ጋ ይሂድ።» ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። አንዲት እናት «ልክ ናት» አሉ። ጋሽ ከበደ አንገታቸውን ደፉ።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ከበደ ደወሉልኝ። እሳቸውም መሪ ይዘው እንደሚያንቀላፉ፣ ግፊታቸው አልወርድ እንዳለ፣ ለምርመራ ቡክ አድርገው ቀጠሮ እንደያዙ፣ ብቻቸውን መሄድ ግን እንደፈሩ ነገሩኝ። ስልኩን ልዘጋባቸው ነበር፤ አልዘጋሁም። መኪናዬን አስነስቼ ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ «ማሽኑን እኔ ነኝ ያስጣልኩት» አሉ።

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ሊያጽናናቸው የሚችል ቃል አጥቼ አልነበረም፤ ልሰጣቸው ስላልፈለግሁ ነው።

አሁን እሳቸውም ማስክ ያደርጋሉ። መጀመሪያ የተሰጣቸው አልገጥም ሲላቸው በማግስቱ ሄደው አስቀየሩ። ፊታቸው ወዝ አወጣ። ካፌው ውስጥ ለሰው ሁሉ ተመርመሩ ይላሉ፣ የሚስቅባቸውም የለም። ይህንን ሳይ ሁለት ነገር ይሰማኛል፦ በመዳናቸው ደስ ይለኛል፣ አንተን ባሳፈሩበት ነገር እሳቸው በሰላም መተኛታቸው ደግሞ ያቃጥለኛል።

ባለፈው እሑድ ይቅርታ አድርጊልኝ አሉኝ። በእኔ ላይ ላደረሱት ይቅር ብያቸዋለሁ። የአንተን ግን አንተ ነበርክ የምትሰጣቸው። በአንተ ስም እንድሰጥ አልነገርከኝም፣ እኔም ደፍሬ አልሰጥም።

እንደምረሳህ እንዳታስብ፣ ታድዬ። ስምህ በተነሳበት ቦታ ሁሉ እዚያ እገኛለሁ። የሚያስቅ ነገርህን ሲያወሩ አብሬ እስቃለሁ፤ ብዙ የሚያስቅ ነገር ነበረህና። እንቅልፍህን ሲያነሱ ግን እቆማለሁ፣ ትንፋሽ ያጣ ሰው እንደነበርክ እነግራቸዋለሁ፣ ዝም እስኪሉም አልቀመጥም።

ያንተው፣
አልማዝ