የደረቴ ልክ

መስከረም 20 ቀን 2003
ያበጠ ቁርጭምጭሚቴን ለካሁ። 31 ሴንቲ። ሠላሳ ዓመት ሮቤ ላይ ልብስ ሰፊ ሆኜ የሰው ልክ ስወስድ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን እግር... ያዘዘችኝ ዶክተር ሳምራዊት ናት፣ ጎባ ሆስፒታል፤ ሁለተኛ ልጄን የምታክል። ኩላሊቴ ፕሮቲን ያፈሳል አለች። የጨው ሆርሞን መልእክት ሲያመጣ፣ ሴሉ ውስጥ ያለ ተቀባይ ይዞት አስኳሉ ድረስ ይገባና "ጨው አስቀሩ" ያሰኛል። የሰጠችኝ ክኒን የተቀባዩን ወንበር ቀድማ ትይዛለች። ኩላሊቴ ውስጥም ቀበሌ አለ ማለት ነው። ማሻአላህ።
"እንዳያቋርጡ ጋሼ። ኩላሊትዎ ከደከመ እጥበት ነው፤ እሱም አዲስ አበባ።"

ኅዳር 3
25። ጫማዬ ገባ! ሚስቴ ረቢያ ወጣት ሆንክ አለችኝ። ሆንኩ እንዴ?

ታኅሣሥ 18
ሸሚዝ ስቀይር ደረቴን አመመኝ። ለካሁት። አራት ሴንቲ ጨምሯል... በሃምሳ ስምንት ዓመቴ አጎጠጎጥኩ። ለዚያች ልጅ ዶክተር ምን ብዬ ልንገራት? ለራሴ ሰፊ ኮት ሰፋሁ። ዕድሜ ለሮቤ ብርድ፣ ለምን ደረብክ የሚል የለም።

ታኅሣሥ 22
ጥፋቱ የክኒኗ ነው፤ ተውኳት። ወንድ ነኛ።

ጥር 14
33። ወንድነቴ ጫማ አልገባ አለው።
ረቢያ ክኒኖቹን ክር ሳጥን ውስጥ አገኘቻቸው። ኮቴን አስወለቀችኝ። አየች። "ለዚህ ብለህ ነው ልትሞትብኝ?" አለችና አለቀሰች። አፈርኩ። በጡቴ ሳይሆን በራሴ።

ጥር 15
ጎባ ራሷ ይዛኝ ሄደች። ዶክተሯ አልሳቀችም። ክኒኗ የጎረቤቱንም ወንበር፣ የወንድ ሆርሞኑን ተቀባይ፣ ትይዛለች አለች። ቀድመው ቢነግሩኝ አለችኝ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ አልኩ፣ በልቤ። የማያጎጠጉጥ ክኒን አለ፤ አገር ውስጥ ግን የለም። ደሜን አስመረመረች። ኩላሊቴ ትንሽ ደክሟል። መጠኗን ቀንሳ መለሰችልኝ። ጡት ወይስ እጥበት? ደግ ምርጫ ነው።

መጋቢት 9
26።
ዱጉማ የሚባል ገበሬ ከሲናና መጣ፣ ኮቱን ደረቱ ላይ እንዳሰፋለት። ዘንድሮ ስንዴው ተስማምቶኝ ነው አለ፣ መሬት መሬት እያየ። እኔም መሬት አየሁ። እግሩ አብጧል።
"ክኒኗን መቼ ተውክ?" አልኩት በኦሮምኛ።
ወደ በሩ አየ። በሩን ዘጋሁና የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁለት። አየኝ... ከዚያ የራሱን ፈታ።
የሁለታችንንም ደረት ለካሁ። በሁለት ሴንቲ ይበልጠኛል። ነገ ጎባ ይዤው እሄዳለሁ።