በእኔ ዓይን የምንሞክረው ማሽን

እህት ዓለም፣

በካርዱ ላይ የምታዪውን ባሕር እኔ ራሴ ገና አላየሁትም፤ የምውለው መጋረጃው በተዘጋ የሥልጠና ክፍል ውስጥ ነው።

ትናንት አሠልጣኛችን የዓይን ግፊት መለኪያዎችን እያነጻጸረች ልታሳየን ፈቃደኛ ስትጠይቅ፣ ዘው ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። "እኛ ክሊኒክ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ደህና መሆኑን የምንሞክረው በእኔ ዓይን ነው" ብዬ ሁሉንም አሳቅኳቸው።

እንደኛው ያለው፣ አየር እፍ የሚለው ማሽን እንደ ወትሮው ደህና ነሽ አለኝ። ከዚያ ማደንዘዣ ጠብ አደረገችልኝና ሰማያዊ መብራት ያለውን መለኪያ ዓይኔ ላይ አስነካችው። እኛ "ጊዜ ይፈጃል" ብለን ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፍንበትን ዓይነት ማለቴ ነው። ደግማ ለካችና "የኔ እህት፣ በግራሽ በኩል በር ምናምን ትገጫለሽ?" አለችኝ። አንቺ "ቀልበ ቢስ" እያልሽ የምትስቂብኝ ትዝ አለኝ።

ለካ የዓይኔ የፊት ሽፋን ስስ ስለሆነ የአየሩ ማሽን ግፊቱን አሳንሶ ሲነግረን ኖሯል። ነርቩ ተጎድቷል። የጠፋው እይታ አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ነው አለችኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ቦታው አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን እኔው መጥቼ እነግራታለሁ። የክሊኒካችንን ጥበቃ ጋሼንም ሰላም በዪልኝ። ቁም ሳጥኑን ክፈቺና መጀመሪያ የራስሽን ዓይን አስለኪ፤ ከዚያ ደህና ናችሁ ብለን የሸኘናቸውን መልሰሽ ጥሪያቸው።

ነገ ወደ ባሕሩ እወርዳለሁ። እንዳያመልጠኝ በቀኜ በኩል አድርጌው እሄዳለሁ።